አራቱ የኮሮና ማዕበሎች በኢትዮጵያ፦ በየዕለቱ የተነገረው ቁጥር ምን አሳየ፣ ምንስ ሸፈነ?

«ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል የላቦራቶሪ ምርመራ ተደርጎ ይህን ያህል ሰዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው ተረጋግጧል።» ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ የተሰማው መግለጫ ይኸው ነበር። መግለጫው ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ጆሮ የሚይዘው ግን የኋለኛውን ብቻ ነው። «ዛሬ ቀነሰ»፣ «ዛሬ ጨመረ» ይባል የነበረውም በእሱ ነው። ወረርሽኙ የት እንደደረሰ የሚናገረው ግን የተያዙት ቁጥር ለተመረመሩት ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው መቶኛ ነው።

በሁለት ቀን እናስረዳ። በነሐሴ 2012 የምርመራ ዘመቻ ሲካሄድ በቀን 20,000 ያህል ሰው ተመርምሮ 1,500 ያህሉ ቢያዝ፣ ከመቶ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ማለት ነው። በመጋቢት 2013 ደግሞ 7,500 ያህል ተመርምሮ 1,900 ያህሉ ሲገኝበት ከአራት ሰው አንዱ ተይዟል። በሁለቱ ቀኖች መካከል የተያዙት ልዩነት 400 ሰው ብቻ ስለሆነ ዜናውን የሰማ ሰው ነገሩ ብዙም አልተለወጠም ብሎ ያልፋል። እውነታው ግን በመቶኛ ሲታይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ የከፋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው መለኪያ፣ ከተመርማሪዎች መካከል ቫይረሱ የሚገኝባቸው ለሁለት ሳምንት ከመቶ አምስት በታች ካልሆኑ አገሪቱ ሥርጭቱን ተቆጣጥራለች አይባልም። ከመቶ 25 ሲደርስ ምርመራው የሚያገኘው በአብዛኛው የታመመውንና የሚያስለውን ነው፤ ምልክት ሳይኖረው ቫይረሱን የሚያስተላልፈው አብዛኛው ከቁጥሩ ውጭ ነው።

አሁን ጠቅላላ መልኩን እንይ። እስካሁን በተመዘገበው መሠረት በኢትዮጵያ ወደ 501,000 ሰዎች በኮሮና መያዛቸው ሲረጋገጥ 7,574 ሰዎች ሞተዋል። ይህ የሆነው በአራት ዋና ዋና ማዕበሎች ነው። የመጀመሪያው ጣሪያውን የነካው በነሐሴ 2012፣ ሁለተኛው በመጋቢትና በሚያዝያ 2013፣ ሦስተኛው ከነሐሴ 2013 እስከ መስከረም 2014፣ አራተኛው በታኅሣሥ 2014 ነው። ከመጀመሪያው ታማሚ እስከ ጥር 2013 መጨረሻ አካባቢ በነበሩት አሥር ወራት ተኩል ወደ 137,000 ሰው ተይዞ 2,100 ያህል ሞተ። በቀጣዮቹ አምስት ወራት ብቻ ወደ 139,000 ሰው ተይዞ 2,200 ያህል ሞተ። ከሐምሌ 2013 እስከ ኅዳር 2014 በነበሩት አምስት ወራት የተመዘገቡት ታማሚዎች ወደ 95,000 ዝቅ ሲሉ ሞቱ ግን ወደ 2,450 ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ በመጣው አራተኛው ማዕበል በአራት ወር ወደ 98,000 ሰው ተይዞ የሞተው 700 ያህል ነው።

እነዚህን መስመሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያያል። አገሪቱ በሯን የዘጋችው፣ አዋጅ ያወጣችውና አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከል የለወጠችው በመጀመሪያው ማዕበል ነው። አብዛኛው ሰው የሞተው ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። ከመጀመሪያው ማዕበል የተረፈው ዝግጅት ለቀጣዮቹ ለምን አልበቃም?

ማዕበሉ እንዴት ይነሣል?

አንድ የታመመ ሰው በአማካይ ለ1.3 ሰው ቢያስተላልፍና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ጊዜ አምስት ቀን ቢሆን፣ ዛሬ 100 የነበሩት አዲስ ታማሚዎች ከአንድ ወር በኋላ 480 ይሆናሉ። አማካዩ ወደ 0.8 ቢወርድ ግን በዚያው ወር 100ው ወደ 26 ይቀንሳሉ። ስለዚህ ወረርሽኝን ለማጎንበስ የሰውን ግንኙነት በሙሉ ማቆም አያስፈልግም፤ ከአንድ በታች እስኪወርድ መቀነስ ይበቃል። ችግሩ ከአንድ በታች ማውረድና እዚያው ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ማዕበሉ ሲወርድ ሰው ማስኩን ያወልቃል፣ ድንኳኑ ይሞላል፣ ታክሲው ይጠቀጠቃል፤ አማካዩም ተመልሶ ከአንድ በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ ይበልጥ የሚተላለፍ ልውጥ ዝርያ ከመጣ ትናንት በቂ የነበረው ጥንቃቄ ዛሬ አይበቃም።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው መዘግየቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች ሰው ከተያዘ ምልክት እስኪያሳይ አምስት ቀን ያህል ይወስዳል። መተንፈስ የሚያቅተው አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ከጀመረ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ሞት የሚመጣው ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ይህ ማለት የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሞላበት ቀን የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት አልጋ የሚፈልጉት ሰዎች አስቀድመው ተይዘዋል። ያን ቀን የሚወጣ ክልከላ እነሱን አያድንም፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጡትን ነው የሚያድነው። ውሳኔ በሞት ቁጥር ላይ ከተመሠረተ ሁልጊዜ አንድ ወር ይዘገያል።

የመጀመሪያው ማዕበል፦ ጊዜ መግዛት

በመጀመሪያ ኢትዮጵያ የራሷ ምርመራ አልነበራትም፤ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን በራሱ ላቦራቶሪ የጀመረው በጥር 2012 መጨረሻ ገደማ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ፣ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በሳምንታት ውስጥ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን እንዲቆይ ተደረገ፤ የየብስ ድንበሮች ተዘጉ፤ ለነሐሴ 2012 ታቅዶ የነበረው ምርጫ ተራዘመ። የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ከለከለባቸው። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ፤ ማስክ ግዴታ ሆነ፤ ተሽከርካሪዎች በግማሽ መቀመጫ እንዲጭኑ ታዘዘ።

ሙሉ በሙሉ ቤት የመዝጋት እርምጃ ግን አልተወሰደም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ምክንያቱን በግልጽ ተናግረዋል፤ ቤት የሌለው ሰው ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ሠርቶ ነው የሚያገኘው። ይህ ውሳኔ ያኔ ብዙ ቢያከራክርም ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። የቀን ሠራተኛን ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ የሚቻለው ምግብ በሩ ድረስ የሚያደርስ አሠራር ሲኖር ነው። ማዕድ የማጋራቱ ዘመቻ የብዙ ሰው ልብ ቢነካም፣ ሚሊዮኖችን ለወራት ለመመገብ የሚችል አልነበረም። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ «ቤት መቆየት» ራሱ ከመተላለፍ አያድንም።

ጊዜው ተገዝቷል። ሁለት ወር ተኩል ያህል የተረጋገጡት ታማሚዎች ከ1,000 በታች ነበሩ። በዚያው ወቅት ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ፣ ከጅቡቲ፣ ከኬንያና ከሱዳን የተመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ገቡ፤ በዩኒቨርሲቲዎችና በትምህርት ቤቶች ለይቶ ማቆያ ተዘጋጀላቸው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ለይቶ ማቆያ የሚሠራው በተመሳሳይ ቀን የገቡ ሰዎች አብረው ገብተው አብረው ሲወጡ ነው። ዛሬ የገባ ሰው አሥረኛ ቀኑን ከያዘ ሰው ጋር አንድ መኝታ ክፍል ወይም አንድ መታጠቢያ ቤት ከተጋራ የዚያ ሰው አሥር ቀን ከንቱ ይሆናል፤ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው የአልጋ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በየገቡበት ቀን የተከፈለ ሕንፃ፣ የተለየ መጸዳጃና የማይቀላቀል የምግብ ሰልፍ ነው።

የንክኪ ልየታም የራሱ ጣሪያ አለው። በቀን 20 ታማሚ ሲገኝ ለእያንዳንዱ አሥር የቅርብ ሰው ፈልጎ ለ14 ቀን በስልክ መከታተል ይቻላል፤ በማንኛውም ቀን ክትትል ላይ የሚገኙት 2,800 ሰዎች ናቸው። በቀን 1,500 ሲገኝ ግን ቁጥሩ 210,000 ይደርሳል። በ8335 ነጻ የስልክ መስመር ጥሪ የሚቀበሉትና ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቱንም ያህል ቢተጉ ይህን መሸከም አይችሉም። ሥርጭቱ ከዚህ ሲያልፍ ትክክለኛው ውሳኔ ሁሉንም መከታተል ትቶ አረጋውያን፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ባሉበት ቤት ላይ ማተኮር ነው።

ምርመራው ራሱ የሰንሰለት ሥራ ነው። ናሙናው ከአፍንጫ ጀርባ ይወሰዳል፤ በማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተይዞ በሦስት ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። እዚያም በመጀመሪያ አርኤንኤ የተባለው የቫይረሱ የዘር ቅንጣት በማጣሪያ ኪት ተነጥሎ ይወጣል፤ ቀጥሎ ፒሲአር በተባለው ማሽን እንዲታይ ይባዛል። የማጣሪያው ኪት ካለቀ ማሽኑ ቢኖርም ምርመራ የለም፤ ማጣሪያው ኖሮ የመውሰጃው እንጨት ከጠፋም የለም። ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪ አቅም ሲባል የሚቆጠረው ማሽን ነው፤ ሥራውን የሚያቆመው ግን ርካሹ ዕቃ ነው። መስከረም 3 ቀን 2013 በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከቻይናው ቢጂአይ ኩባንያ ጋር የተከፈተው የመመርመሪያ ኪት ፋብሪካ ዓላማው ይህን ጥገኝነት መቀነስ ነበር። የማጣሪያ ኬሚካሎችና የፕላስቲክ ዕቃዎች አቅርቦት ግን በዓለም ገበያ ሽሚያ ውስጥ ቀጠለ።

አልጋና ኦክስጅን

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምልክት ባይኖረውም፣ ወደ ሕክምና ማዕከል ይገባ ነበር። መጀመሪያ የኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ 1,000 ያህል አልጋ የተዘረጋበት ሚሌኒየም አዳራሽ ለዚህ ተመደቡ። ታማሚው ሲበዛ ቀለል ያለ ምልክት ያላቸው በቤታቸው ሆነው እንዲታከሙ ተፈቀደ። ከሕክምና ማዕከል ለመውጣትም ሁለት ጊዜ ነጻ የምርመራ ውጤት መጠበቅ ቀረ። ሁለቱም ለውጦች ተገቢ ነበሩ። ከመቶ ታማሚ ሰማንያ ያህሉ ከቤት ሳይወጣ የሚድን ነው፤ እነሱን በአልጋ መያዝ መተንፈስ ያቃተውን ሰው በር ላይ ማቆም ነው።

ትልቁ የዝግጅት ጉድለት ግን እዚህ ነው። ዝግጁነት በአልጋና በመተንፈሻ መሣሪያ ተቆጠረ። በኮሮና የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው ኦክስጅን አጥቶ ነው፤ ከጽኑ ሕሙማን መካከል ደግሞ ሰው ሠራሽ መተንፈሻ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ሲሆን ቀሪው ሁሉ ያልተቋረጠ ኦክስጅን ካገኘ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኦክስጅን የሌለው አልጋ ለይቶ ማቆያ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። 40 ሊትር ስፋት ያለው ትልቁ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚያስፈልገው ታማሚ 20 ሰዓት ይቆያል። በደቂቃ 15 ሊትር በከረጢት ማስክ ለሚሰጠው ታማሚ ግን የሚቆየው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ወደ አራት ሲሊንደር ማለት ነው። በደቂቃ 60 ሊትር የሚገፋው ከፍተኛ ፍሰት ያለው መሣሪያ በሙሉ ኦክስጅን ቢሠራ ያንን ሲሊንደር በ100 ደቂቃ ይጨርሰዋል። 100 ሕሙማን በአማካይ 10 ሊትር ቢወስዱ ሆስፒታሉ በቀን 240 ሲሊንደር ይፈልጋል። እያንዳንዱ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በመኪና ሄዶ ተሞልቶ በመኪና ይመለሳል። መንገዱ ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ባዶው በሰዓቱ ባይመለስ ክፍሉ ያለ ኦክስጅን ያድራል። በሁለተኛው ማዕበል፣ በሚያዝያ 2013፣ በአንድ ጊዜ በጽኑ የታመሙት ከ1,000 አልፈው ነበር። ሐኪሞችና ነርሶች ለየትኛው ታማሚ ይሰጥ ወደሚል ምርጫ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ በየሕክምና ማዕከሉ የቆሙ የጤና ባለሙያዎች የተሸከሙትን ከባድ ነገር ይህ ሒሳብ በቂ አድርጎ አያሳይም።

በትንሽ ነገር የሚባክነውም ብዙ ነው። የሚያፈስ የሲሊንደር መጋጠሚያ፣ የተሰበረ የፍሰት መለኪያ (ፍሎሜትር)፣ የአንዱ አገር ስሪት ማስተካከያ ከሌላው አገር ሲሊንደር አፍ ጋር አለመግጠም፣ ሕመምተኛው ሲበላ ሳይዘጋ የሚተው ቧንቧ። ከሁሉ በላይ የሚያባክነው ግን መጠኑን አለማስተካከል ነው። በታማሚው ደም ያለው የኦክስጅን መጠን 98 በመቶ እየተነበበ ፍሰቱ 15 ላይ ከቀረ ሌላው ታማሚ የሚተርፍበት ኦክስጅን እየጠፋ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ ታማሚ ከተረጋጋ በኋላ ከ90 በላይ፣ ለነፍሰ ጡር ከ92 እስከ 95 ማቆየት ይበቃል፤ በየጥቂት ሰዓቱ እያነበቡ ፍሰቱን መቀነስ የነርስ ሥራ ዋና ክፍል መሆን አለበት።

ንባቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ የጤነኛ ሰው ንባብም በአዋሽ ወይም በጅቡቲ ካለው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን መጠን የሚያነበው፣ ጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር በቀዘቀዘ ጣት፣ በጥፍር ቀለምና በሂና ሊሳሳት ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ እንዳለው በጥናት ታይቷል። ስለዚህ 92 ያነበበ ነገር ግን በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው ሰው «ደኅና ነህ» ተብሎ ወደ ቤት አይመለስም።

በዚህ ሁሉ መካከል ርካሽ ሆነው ሕይወት ያተረፉ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ዴክሳሜታዞን ነው። በቀን 6 ሚሊግራም እስከ አሥር ቀን የሚሰጠው ይህ አሮጌ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት መካከል ሞትን በሲሶ፣ ኦክስጅን ከሚወስዱት መካከል በአምስት አንድ እንደሚቀንስ በሰኔ 2012 ታወቀ፤ ኢትዮጵያም በዚያው ወር ለጽኑ ሕሙማን እንዲሰጥ ፈቀደች። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን አይጠቅምም፤ ሊጎዳም ይችላል። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ገና ማሳል ሲጀምር ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ወስዷል፤ ስኳር ላለበት ሰው ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ሁለተኛው ታማሚን በደረቱ ማስተኛት ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ትራስና አስታማሚ ብቻ የሚፈልግ ዘዴ ነው።

ቁጥሩ ያላየው

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጤና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ፣ ቀድሞ መያዝን የሚያሳየው ምልክት በ2012 ክረምት 10.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር የተገኘው። በየካቲት 2013 ግን 53.7 በመቶ ደረሰ። በዚያው የካቲት በመላ አገሪቱ የተረጋገጠው ታማሚ ከ160,000 አይበልጥም ነበር፤ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ከሺህ ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም። የጤና ባለሙያ ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ እሙን ነው፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ብቻ አይሸፈንም። በከተማው ውስጥ ቫይረሱ ከቁጥሩ እጅግ ርቆ ሄዶ ነበር።

ሞትም እንዲሁ ነው። ሆስፒታል ሳይደርስ ቤቱ የሞተ ሰው በአብዛኛው አይመረመርም። በ2012 ሰኔ አንዳንድ ቀን የሚነገረው ሞት የሚገኘው ከአስከሬን ምርመራ ነበር፤ ይህም ምርመራ ባልነበረበት ገጠርና ወረዳ ምን ያህል ሰው ሳይቆጠር እንደተቀበረ እንድንጠይቅ ያደርጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ወጣት መሆኑ ሞቱን ቀንሶታል፤ ይህ እውነት ነው። «እኛን አይነካንም» የሚለው አነጋገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥቶ ወደ ሐሰት የሄደ ነው፤ በየቤቱ ያሉ አያቶች ዋጋ ከፍለውበታል።

የላላው ጊዜ

አዋጁ አምስት ወሩን ሲጨርስ አልታደሰም። በምትኩ በጥቅምት 2013 መመሪያ ቁጥር 30 ወጣ፤ ማስክ አለማድረግ ያኔም በሕግ ያስጠይቅ ነበር፣ ለስብሰባም ገደብ ነበረው። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 9 ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ፤ ተማሪዎች በፈረቃ፣ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ሆነው እንዲማሩ ታቀደ። ሕጉ ነበር ማለት ነው፤ የጠፋው አፈጻጸሙ ነው። ግማሽ የሚጭነው ሚኒባስ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ታሪፉ ወደ ቀድሞው ሲመለስ መቀመጫውም ሞላ። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። በዚህ ላይ አልፋ የተባለው ይበልጥ ተላላፊ ዝርያ ገባ። ሁለተኛው ማዕበል የተነሣው ከዚህ ነው።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የእርዳታ ድርጅት በኋላ 106 ጤና ተቋማትን አይቶ 70 በመቶ የሚጠጉት መዘረፋቸውን፣ በተገቢው መልክ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ሲስፋፋ እዚያም ብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ወድሟል። ከነዚህ አካባቢዎች የመጣው «ዜሮ ታማሚ» መርማሪ የለም ማለት እንጂ በሽታ የለም ማለት አልነበረም። የማዕበሎቹን ሥዕል የሚያነብ ሰው ይህን ሳይዘነጋ ማንበብ አለበት።

ክትባቱ

የመጀመሪያው 2.184 ሚሊዮን ዶዝ (አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወጋው መጠን) አስትራዜኒካ፣ በሕንድ የተመረተ፣ ክትባት ለአገሮች በሚያከፋፍለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል የካቲት 28 ቀን 2013 አዲስ አበባ ገባ። ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ ነው። ወዲያው ሕንድ በራሷ ማዕበል ተመትታ ወደ ውጭ መላኩን አቆመች። በዚህ ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነበር፤ ለ1.09 ሚሊዮን ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ መስጠት ወይም ለ2 ሚሊዮን ሰው አንድ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ቀጣዩን መጠበቅ። አንዱ ዶዝ ከከባድ ሕመም የተወሰነ ጥበቃ ስለሚሰጥ ሁለተኛው መንገድ የሚደገፍበት ምክንያት አለ፤ ጉዳቱ ግን የቀጠሮ ቀኑ ደርሶ ክትባቱ ሳይኖር ሲቀር ሰው ተስፋ ቆርጦ አለመመለሱ ነው።

የብልቃጡ ነገርም ቀላል አይደለም። የአስትራዜኒካ ብልቃጥ ለአሥር ሰው የሚሆን ሲሆን ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሦስት ሰው ብቻ በመጣበት የገጠር ጤና ኬላ ብልቃጥ መክፈት ሰባት ዶዝ መድፋት ነው፤ አለመክፈት ደግሞ በእግሩ የመጣውን ሰው መመለስ ነው። መፍትሔው ቀን ቀጥሮ በመንደሩ ቢያንስ አሥር ሰው ማሰባሰብ ነው። ከአሜሪካ የመጣው የጆንሰን ክትባት በአንድ ጊዜ የሚያልቅና በተራ ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ በመሆኑ ለሩቅ ወረዳ ይመቻል። ፋይዘር ግን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል፤ ከቀለጠ በኋላ በተራ ማቀዝቀዣ የሚቆየው 31 ቀን ነው፤ ከመወጋቱ በፊት በ1.8 ሚሊሊትር የጨው ውኃ ይበረዛል። ስለዚህ የትኛው ክትባት ወደ የት ይሂድ የሚለው ውሳኔ የመንገድና የመብራት ጉዳይ ነበር። በብዛት የተከተበው ከኅዳር 2014 ጀምሮ በተደረጉ ዘመቻዎች ነው፤ ይህም የሦስተኛው ማዕበል ዝርያ የሆነው ዴልታ ካለፈ በኋላ ነው።

ዴልታ በነሐሴ 2013 ሲመጣ ክትባት የደረሰው ሰው ጥቂት ነበር። የተመዘገበው ታማሚ ከቀደመው ማዕበል ቢያንስም ከመቶ ታማሚ የሚሞተው ከ1.6 ወደ 2.6 ከፍ አለ። ዝርያው ጽኑ ነበር፤ ምርመራው ቀንሶ የሚመረመረው የባሰበት ብቻ መሆኑም መቶኛውን ከፍ አድርጎታል፤ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። የአራተኛው ማዕበል ዝርያ ኦሚክሮን በታኅሣሥ 2014 ሲገባ በተቃራኒው በቀን ወደ 5,000 ታማሚ ተመዘገበ፤ ከተመርማሪ አሥር ሰው አራቱ ያህል ተይዘው ነበር። ማዕበሉ በሳምንታት ወጥቶ በሳምንታት ወረደ። አብዛኛው ሰው አስቀድሞ በበሽታውም በክትባቱም የተወሰነ መከላከያ ይዞ ስለነበር ሞቱ ዝቅተኛ ሆነ። ይህ መከላከያ ግን በአብዛኛው በመታመም የተገኘ ነው፤ ዋጋውም ከላይ የተቆጠረው ሞትና ያልተቆጠረው ነው።

ሌላ ሥራ ሳይቆም መቆየቱም መነገር አለበት። በሰኔ መጨረሻ 2012፣ ወረርሽኙ እየወጣ በነበረበት ጊዜ፣ ለ15 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። ወረፋ ተራርቆ፣ ለከታቢዎች ማስክና ሳኒታይዘር ተመድቦ፣ ቀኑ ረዘም ተደርጎ የተሠራ ሥራ ነው። ዘመቻው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ኩፍኝ በልጆች ላይ የሚያደርሰው ሞት ከኮሮናው በላይ ሊሆን ይችል ነበር።

ከማዕበሎቹ የቀረ ነገር ካለ የኦክስጅን ማምረቻዎቹ ናቸው። ኢትዮጵያ የኦክስጅን ማስፋፊያ ዕቅድ ያወጣችው ከወረርሽኙ በፊት ነበር፤ ኮሮና ዕቅዱን አፋጠነው። ሆስፒታል ግቢ የሚቆመው ማምረቻ ከተራ አየር ናይትሮጅኑን ዚዮላይት በተባለ ማዕድን አጣርቶ 93 በመቶ ገደማ ንጹሕ ኦክስጅን ያወጣል። እርጥበት ከገባበት ማዕድኑ ይበላሻል፤ ማድረቂያውና የአየር ማጣሪያው በሰዓቱ ካልተቀየሩ ንጽሕናው ቀስ እያለ ከ90 በታች ይወርዳል፣ ታማሚው ግን የተሰጠው ያው 10 ሊትር ይመስላል። የመብራት መዋዠቅ ኮምፕሬሰሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ለማምረቻው ከሚወጣው ገንዘብ ጎን የመለዋወጫ ዕቃ በጀት፣ የቮልቴጅ ማስተካከያ፣ ለጄኔሬተር ነዳጅና በቦታው የሚኖር የሰለጠነ የባዮሜዲካል ባለሙያ መመደብ አለበት። ንጽሕናውን የሚያነበው መለኪያ ደግሞ በየፈረቃው በመዝገብ ይጻፍ፤ ከ90 በታች በወረደ ጊዜ ክፍሉ ወደ ሲሊንደር እንዲዞር፣ ሲሊንደሮቹም ለ48 ሰዓት የሚበቁ ሆነው ሞልተው እንዲጠብቁ።